ሥላሴን ላስረዳ ልደታ ሄጄ

ከተመለስኩ ጀምሮ «ታደሰ፣ አዲስ አበባ ምን አየህ?» ያላለኝ ጎረቤት የለም። በየበራችሁ እየቆምኩ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፎቅና መብራት እንድተርክላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ እዚሁ ጋ አቁሙ። እኔ የሄድኩት ስለ ሥላሴ ልከራከር ነው። አዎ፣ እኔው! ዕድሜዬን በአይሱዙ መሪ ላይ የጨረስኩት፣ ቅዳሴ ላይ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ የምቆመው ሰውዬ። ሳቁ፣ ግዴለም፤ እኔም መንገዱን ሙሉ በራሴ ስስቅ ነበር፣ ከፍርሃት የተነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች እህቴን ልጅ ብሩክን ታውቁታላችሁ። አባቱን አያውቅም፣ እናቱ ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከወገን የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ልደታ፣ አብነት ከሚባለው ሰፈር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሶፋና በር ይሠራል። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጓደኞቹ ወሰዱትና አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ የኢየሱስ ስሞች ናቸው እንጂ ሦስት አካል የሚባል የለም ከሚሉ ሰዎች ጋር መጸለይ ጀመረ። እኔ ስሰማ ለሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ፣ ከዚያ ግን ልጄ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ፣ ተውኩት።

ይሄ ልጅ ሰላም የምትባል የልደታ ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ግርማ፣ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ልደታ ተወልደው ልደታ ያረጁ፣ በዚያ ላይ የሥላሴ ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። ሽማግሌ ቢላክባቸው «ሥላሴን ለማያምን ልጄን አልሰጥም» አሉ። «ልጁ ራሱ ዘመዱን ይዞ ይምጣና እንነጋገር። ሦስት አካል አንድ አምላክ ብሎ በአፉ ከመሰከረ እሰጣለሁ፤ ካልመሰከረ በሬ ላይ እንዳላየው።» ሰላም ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም ብላለች። ብሩክ ደወለልኝና ይሄን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ «ካልሆነ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ጋሼ፣ ከደላላው ጋር ጨርሻለሁ» አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ በዚያ መንገድ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች እናቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በማግሥቱ ተነሳሁ።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ዲላ መናኸሪያ ደረስኩ። በባዶ እጅ አይገባም ብዬ አንድ ማዳበሪያ አናናስ ይዣለሁ። ረዳቱ ወደ ላይ ሊጭነው ሲል «ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው» ብዬ እግሬ ሥር አደረግኩት። ኋላ ላይ ዋጋዬን አገኘሁ።

ሾፌሩ የልጅ ልጄ የሚሆን ነው። እሱ ማርሽ ሲቀይር እኔ ነበርኩ እግሬን የማነሳው፤ ኩርባ ላይ ሲቀድም ፍሬን የምረግጠውም እኔ። ከጎኔ የተቀመጠችው የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ወለሉን ስረግጥ አይታ «አባባ፣ እርስዎ ሳይደርሱ ጫማዎ ያልቃል» አለችኝ። ሐዋሳ ስንደርስ ለምን እንደምሄድ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዞር ብላ አይታኝ «ስለ ሥላሴ? እርስዎ?» አለች። «እኔ» አልኳት። «በስማም! እግዜር ይርዳዎት» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እስከ ሻሸመኔ ተኛች።

ዝዋይ ለምሳ ወረድን። ዓሣው እየተጠበሰ ይሸታል፣ ዕለቱ ዓርብ ነው። ገበታ ላይ ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሳ፣ ግማሹ ተሳፋሪ እየበላ ነው የሚከራከረው። እኔ አፌ ምራቅ እየሞላ ሽሮ አዘዝኩ። ለሃይማኖት ክርክር የሚሄድ ሰው በዓሣ መጀመር የለበትም ብዬ ነው። ሽሮው እንደኛ ቤት አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ ግን ትኩስ ነበር። ሴትዮዋ መቂ ስትወርድ በፌስታል ቲማቲም አስጨበጠችኝ። «ለክርክሩ ጉልበት ይሆንዎታል» አለች። አታውቀኝም፣ አላውቃትም፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ በዚህ አገር።

ከሞጆ በኋላ በፈጣኑ መንገድ ስንገባ ነው ሐሳብ የመጣልኝ። እንደዚያ ያለ መንገድ በእኔ ጊዜ ቢኖር ወገቤ ዛሬም ደህና ነበር። ልስልስ ብሎ ሲሄድ «አገኘሁት!» አልኩ። ሞተር፣ መሪ፣ ጎማ፤ ሦስት ሆነው አንድ መኪና! ይሄን የመሰለ ምሳሌ እስካሁን ማንም ሰባኪ እንዴት አላሰበውም ብዬ ኮራሁ። ቃሊቲ እስክንገባ በልቤ አጠናሁት።

ከቃሊቲ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ አናናሱ ተጨፍልቆ ኖሮ የአንድ ደህና የለበሰ ወጣት ሱሪ ላይ ይንጠባጠባል። «አባቴ፣ ይሄ የሚፈሰው ምንድነው?» አለኝ። «አናናስ ነው ልጄ፣ የዲላ ነው» አልኩት፣ የዲላ መሆኑ ሱሪውን እንደሚያጸዳለት ሁሉ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ከት ብሎ ሳቀ፤ ስንወርድም ማዳበሪያውን ተሸክሞ የልደታ ታክሲ እስክይዝ አብሮኝ ቆመ። አዲስ አበባ ሰው አይተዛዘንም የሚሉ ሰዎች እኔን አይጠይቁኝም።

ብሩክ አብነት ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ አገጩ ሹል ብሏል። ተቃቀፍን። የእሱ ክፍል አልጋው ከገባ ሰው የማይገባበት ስለሆነ ማደሪያዬ የሥራ ቤቱ ባለቤት የጋሽ ከድር ቤት ሆነ። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሰላምተኛ፣ ድምፃቸው ከመጋዙ በላይ የሚሰማ። ብሩክ እሳቸውንም ለሽምግልና መርጧቸዋል። «ስለ ሥላሴ ለመነጋገር ሙስሊም ሽማግሌ ይዞ መሄድ ማን ነው የመከረህ?» አልኩት። «ጋሽ ግርማ የሚያከብሩት እሳቸውን ነዋ!» አለኝ። የእኛን አገር ሰው አስተዋይነትና ሞኝነት ለይቼ አላውቅም።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የጋሽ ከድር ባለቤት ወይዘሮ ሩቂያ «ዓርብ አይደል፣ ይጾማሉ ብዬ» ብለው ምስርና ጎመን አቀረቡልኝ። «ድስቱ አዲስ ነው፣ ቅቤ ነክቶት አያውቅም» አሉ። ጎረቤት ክርስቲያን ጠርተው ቅመሺልኝ፣ የጾም ሆኗል ወይ ብለው አረጋግጠው ነው የሠሩት። ቤቴ ብቻዬን ስጾም እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላደረግኩም። አፈርኩ፣ ግን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሰፈሩን ልይ ብዬ ወጣሁ። አብነትን ለማታውቁት፦ እኛ ሁለት አጥር የምናጥርበት ቦታ ላይ እዚያ አራት ቤት፣ አንድ ብየዳ ቤት፣ አንድ ሱቅና አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ዲላ ሰው ሲያልፍ ቆሞ ይጠይቅሃል፤ እዚያ መተላለፊያው ራሱ ጎን ለጎን ለመሄድ አይበቃም፣ ቢሆንም ትከሻህን ሲነኩህ «ይቅርታ አባባ» ይላሉ። ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈርም አለ። ስሙን ሰምቼ ጠንቀቅ ብዬ ነበር የገባሁት፤ ያገኘሁት መዘፍዘፊያ የያዙ ሴቶችና ጎማ የሚጠግን ሰውዬ ነው።

ስመለስ ጠፋሁ። መንገድ ልጠይቅ ብዬ አንድ ድንኳን ውስጥ ብቅ ብል የለቅሶ ቤት ነው። «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉኝ። አይ ተሳስቼ ነው ማለት አቃተኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ተቀመጥኩ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ለሟቹ ምናቸው ነዎት?» ሲሉኝ መዋሸት አልቻልኩም፤ «መንገድ ጠፍቶብኝ ነው አባቴ» አልኳቸው። ሰውዬው ሳቃቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ሲረጋጉ ከመቀመጫቸው ተነስተው ራሳቸው እስከ ጋሽ ከድር በር አደረሱኝ። ሟቹን ነፍስ ይማር፤ በማላውቀው ሰው ድንኳን ከልቤ አዝኜ ነው የወጣሁት።

ከሰዓት ከብሩክ ጋር ሥራ ቤቱ ውስጥ ለብቻችን ተቀመጥን። እኔ ቀጥታ ነገሩ ውስጥ ገባሁ። «ስማ፣ አንድ ቃል ነው። ሦስት አካል አንድ አምላክ። በልና እንገላገል። የሆድህን ማን ያያል?»

መላጊያውን አስቀመጠ። «የማላምነውን ብዬ የሰው ልጅ ላገባ ነው? ነገ ቤቴ ስገባ ሰላምን በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

«ደቡብ አፍሪካ ሆነህስ በምን ዓይንህ ነው የምታያት?» ጮህኩ። «እኔንስ? በየጫካው ስትሄድ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ስልክ ልጠብቅ? አንተ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነው?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ አትዋሽ እያልክ ያሳደግከኝ አንተ ነህ እኮ።»

ተናድጄ ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ስተነፍስ ግን፣ እግዜር ይየኝ፣ በልጄ ኮራሁ። ኩራቱ ፍርሃቴን አልቀነሰውም፤ የማይዋሽ ልጅ ነገ ሊከለከል ነው ማለት ነውና። ራት ሲቀርብ ቁራሽ አልዋጥ አለኝ። ወይዘሮ ሩቂያ አስተውለው ስለ ምንም ሳይጠይቁኝ አናናሱን ልጠው፣ ቆራርጠው አመጡልኝ። እሱ ወረደልኝ።

እሑድ

አቶ ግርማ ቤት ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ከቀሩት የቆዩ ግቢዎች አንዱ ነው፤ በሩ ላይ ኮባ ተክለዋል። እኛ አገር ለቆጮ የምንተክለውን እንሰት ስለሚመስል ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ውስጥ ገበታው ተዘጋጅቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የዶሮው ሽታ ግን ጨርቅ አያግደውም። የቤቱ የንስሐ አባት፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቄስ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሁላችንም አባ እያልን ነው የምንጠራቸው። እኔ መስቀል ተሳለምኩ፣ ጋሽ ከድር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉ። ብሩክ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። አባ ቀድመው እጁን ያዙና «ደህና ነህ ልጄ?» አሉት። እሱም ጎንበስ አለ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ግርማ። ጋሽ ከድር «የመጣንበትን ሳትሰሙ አንቀመጥም» አሉ፣ ወጉ እንደሚያዘው። የመጣንበትን ተናገርን፣ ተቀመጥን። ቅመሱ ተባልን። መልሱን ሳንሰማ አንቀምስም አልን፤ ይሄም ወግ ነው፣ ሆዴ ግን ወግ አያውቅም፣ ይጮሃል። ወይዘሮ አሰለፈች፣ የሰላም እናት፣ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ሰላምም እዚያ እንዳለች ሁላችንም አውቀናል።

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ብሩክ ዞሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ሲናገሩ ግን ቤቱን ይሞሉታል። «ልጄ፣ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። እኔ በማኅበራችን ላይ ስንት ዓመት አስረድቼዋለሁ፣ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። እየኝ እኔን። አንድ ሰው ነኝ። ለሰላም አባቷ ነኝ። ለአሰለፈች ባሏ ነኝ። ለእናቴ ልጇ ነኝ። አባት፣ ባል፣ ልጅ፤ ሦስት ስም። ሰውዬው ግን አንዱ ግርማ ነው። አየህ? ሥላሴ ማለት ይሄ ነው! አሁን ይሄን ማመን ምን ይከብዳል?»

ብሩክ አፉን ከፍቶ አያቸው። ወደ እኔ ዞረ። ደግሞ ወደ እሳቸው። «ጋሽ ግርማ፣ ይሄንንማ አምናለሁ!» አለ።

«ታምናለህ?»

«አምናለሁ! እኛ ጸሎት ቤት ያስተማሩን በዚሁ ምሳሌ ነው። አንድ እሱ ነው፣ ስሙ ነው የሚለያየው። እኔ ስል የነበረው ይሄንኑ ነው እኮ!»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። እኔ በደስታ ልዘል ነበር፤ ተስማሙ፣ አለቀ፣ ዶሮው ይከፈት! አቶ ግርማ ግን ደስ አላላቸውም። የተከራካሪያቸው አሳብ ከገዛ አፋቸው እንዴት እንደወጣ ገርሟቸው ቀስ ብለው ወደ አባ ዞሩ። «አባ፣ ልክ ነኝ አይደል?»

አባ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። «አይ ግርማ» አሉ በለስላሳ ድምፅ። «ይሄማ ድሮ የተወገዘ ትምህርት ነው።»

የማኅበሩ ሙሴ ፊት እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ጋሽ ከድር ጣራ ጣራውን ያያሉ። እኔ አሳዘኑኝና ላድናቸው ብዬ ዘው አልኩ። «አባ፣ እኔ ሌላ አለኝ። ሞተር፣ መሪ፣ ጎማ። ሦስት ሆነው አንድ መኪና!»

«ሞተሩ ብቻውን መኪና ነው?» አሉኝ አባ።

«ኧረ አይደለም።»

«አብ ግን ብቻውን ፍጹም አምላክ ነው። ወልድም። መንፈስ ቅዱስም። አንተ እግዚአብሔርን ፈታተህ ዕቃ አደረግከው።» ብለው ሳቁ። ከዲላ ጀምሮ የተሸከምኩት ምሳሌ እዚያው ሞተ። እንኳን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩ፣ ከሳቸው ጋር አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ አየር ገባ።

አቶ ግርማ ለመሸሽ ይመስለኛል «ጋሽ ከድር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ።

«ወላሂ እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቡኝ!» አሉ ጋሽ ከድር። «የእናንተን ለእናንተ። እኔ የመጣሁት ስለ ልጁ ልመሰክር ነው። ስንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ የበሰበሰ እንጨት ቀለም ቀብተህ ሽጥ ብለው እንኳ እሺ አይለኝም። ዛሬም ልጅቷን የሚፈልግ ውሸታም ቢሆን አዎ ብሎህ፣ በልቶ፣ መርቀኸው ይወጣ ነበር። ይሄን አስብበት።»

ያኔ አባ ብሩክን ቀረብ በል አሉት፤ ዓይናቸው ከሩቅ ስለማያይ በደንብ ሊያዩት ነው።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «እግዚአብሔር ዓለምን ሳይፈጥር፣ መልአክ ሳይኖር፣ ሰው ሳይኖር፣ ማንን ይወድ ነበር?»

ብሩክ ቀና ብሎ አያቸው።

«ስም እየለዋወጠ ብቻውን የነበረ ከሆነ የሚወደው አልነበረውም። ፍቅርን የጀመረው እኛን ከፈጠረ በኋላ ነው ማለት ነው። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። አብ ወልድን ያልወደደበት ጊዜ የለም ነው የምንለው። በአካል ሦስት ስንል፣ አንዱ ሌላውን አንተ ይለዋል። በመለኮት አንድ ስንል፣ መቼም አልተለያዩም። እግዚአብሔር ብቻውን ሆኖ አያውቅም፣ ልጄ።»

ብሩክ እጆቹን ጉልበቱ መሐል አስገባ። ልጅ እያለ ሲከፋው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። «ጌታ በጌቴሴማኒ አባቴ እያለ ሲጸልይ ከራሱ ጋር ነበር የሚያወራው ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር» አለ። «አትመራመር ተባልኩ። እኔ ደግሞ… አባቴ ብዬ የምጠራው ሰው ኖሮኝ አያውቅም፤ እሱም እንደኔ ባዶ ቤት ውስጥ ነበር የሚጣራው እያልኩ አስብ ነበር።» ቀና አለ። «አሁን ገባኝ ብዬ አልዋሽም፣ አባ። ግን ያሉት ነገር እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል።»

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ይሄን አልነገረኝም።

«ገባኝ ብትለኝ ነበር የምጠረጥርህ» አሉት አባ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀድሼበት አልጨረስኩትም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስተምራለሁ፣ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«አንተም ትመጣለህ፣ ግርማ።»

«እኔ? እኔ ከልጆች ጋር?»

«አንተ። የማኅበሩን ሰው ሁሉ አስተካክለህ እስክታስተምር ድረስ።»

አቶ ግርማ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አላስተካከሉም፣ ደግሞ አስተካከሉ። «በአፉ ይመስክር ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ለካ እኔም በአፌ መስክሬ አላውቅም።» ሰጠሁም አላሉም፣ ከለከልኩም አላሉም። ብሩክ ወለሉን ያያል። ያችን ዝምታ ለጠላቴ አልመኝም።

የጓዳው በር ተከፈተ። ወይዘሮ አሰለፈች አንዲት ትንሽ ድስት በሰሐን ላይ ይዘው ወጡና ጋሽ ከድር ፊት አስቀመጡ። «የእርስዎ ለብቻው ነው፣ ጋሽ ከድር። ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው ባርከው ያረዱልኝ። አይጠራጠሩ።»

«ኧረ አንቺ ሴት!» አሉ አቶ ግርማ። «ገና መልስ ሳልሰጥ?»

ወይዘሮ አሰለፈች ወገባቸውን ይዘው አዩዋቸው። «መልስ? ጠዋት ዶሮውን አንጠልጥለህ ሐጂ ጋ ሄደህ 'ለከድር ነው፣ ቶሎ በሉልኝ' ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ? ለሚከለከል ሽማግሌ ማን ነው ሁለት ዶሮ፣ በሁለት ቢላ የሚያሳርደው?»

አቶ ግርማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለካ ሳቅ ነው። ጋሽ ከድር «ያ ሰላም!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ፣ አባ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ፣ ከጓዳ እልልታ ወጣ። «ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ግርማ ከነጠላው ሥር። «ሰጥቻለሁ፣ ጨረስኩ፣ ቅመሱ በቃ! ቀኑን አባ ትምህርቱን ሲጨርስ ይቆርጡልናል።» ብሩክ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ስቄ ሳልጨርስ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ከእናቱ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ ይሄኛው ግን የእፎይታ ነው። ስለ ዶሮው አትጠይቁኝ። የበላሁትን አልናገርም።

ሰኞ

ወይዘሮ ሩቂያ ለመንገድ ዳቦ ጋግረው ጠቅልለውልኛል። ጋሽ ከድር ለመሸኘት ጊዜ የለኝም ሲሉ ከርመው ሥራ ዘግተው እስከ ሜክሲኮ ሸኙኝ። ብሩክ እስከ ቃሊቲ መጣ። መኪናው ሲሞላ ስንጠብቅ ስልኩ ጠራ። አየና እዚያው እኔ ፊት አነሳው። «ወንድሜ፣ በእኔ ቦታ ማንንም አትፈልግ» አለ። «አይ፣ ቀርቻለሁ። አልሄድም። አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ።» ዘጋው። ደላላው ነው። ከመኪናው ወርጄ ደግሜ አቀፍኩት፤ ረዳቱ «አባባ፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» እያለ ጮኸብኝ።

በመልሱ ጉዞ ዝዋይ ዓሣ በላሁ። የሾፌሩን አነዳድ አላየሁትም፤ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ተኝቻለሁ። ዲላ ስገባ ዝናብ ነበር፣ መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ጭቃ ነው፣ እግሬን ሳስገባ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ትናንት ግን፣ እሑድ ነው፣ ብሩክ ደወለልኝ። ከትምህርቱ መውጣቱ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ዛሬ አባ ጠየቁን» አለኝ። «መጀመሪያ ጋሽ ግርማን ነው ያስነሱት። በምን ሦስት፣ በምን አንድ? አሏቸው። ተነስተው ቆሙ፣ ላብ በላብ ሆኑ፣ ጠፋባቸው። ልጆቹ ሁሉ ያዩዋቸዋል።»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? አጠገባቸው ነበርኩ። በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ብዬ ከሥር ነገርኳቸው።»